በብርዱ ወራት ከልጆች ጋር ውጭ መዋል፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር ቤተሰቦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ማርች መጀመሪያ ወላጆች እርስ በርስ የሚጠያየቋቸው ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረናል፣ ሰዓቱ ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ልጆች በዚህ ብርድ ውጭ ቢውሉ ጉንፋን አይዛቸውም?

ጉንፋንና ፍሉ የሚመጡት ከቫይረስ ነው። ቫይረሱ ደግሞ ከልጅ ወደ ልጅ በቀላሉ የሚዛመተው መስኮቱ በተዘጋ፣ ሰው በተፋፈገበት ክፍል ነው። "ብርድ መታው" የምንለው ልጅ ብዙውን ጊዜ በሽታውን ያገኘው ከክፍል ጓደኛው ወይም ከልደት ግብዣ ነው። በደንብ ለብሶ ሜዳ ላይ ሲሯሯጥ የዋለ ልጅ በዚያ ምክንያት ብቻ አይታመምም። አያቶች በዚህ አይስማሙም፤ ክርክሩን ለማሸነፍ አትድከሙ፣ ኮፍያውን አጥልቁለትና ውጡ።

አስም ያለበት ልጅ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደረቅና ቀዝቃዛ አየር የመተንፈሻ ቧንቧን ሊያጠብ ስለሚችል አፍና አፍንጫውን በስሱ ሸፍኑለት። ኢንሄለሩንም ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ሰውነታችሁ በሚያሞቀው የውስጥ ኪስ ያዙት፤ ሲቀዘቅዝ በደንብ አይሠራም። ትኩሳት ያለው ልጅ ቤት ይቅር።

ስንት ዲግሪ ሲሆን ነው ቤት መቅረት ያለብን?

የዲሲ የጃንዋሪ ቀን ሲሞቅ በአማካይ ወደ 45 ፋራናይት ይደርሳል፤ በሴልሺየስ 7 ገደማ ማለት ነው። ይህ ከአዲስ አበባ የታኅሣሥ ማለዳ ብዙ አይርቅም። በዚያ ብርድ ሹራብ ደርበን ትምህርት ቤት ስንሄድ ማንም "ዛሬ ቅሩ" አላለንም።

ስልካችሁ ላይ ስታዩ ዋናውን ቁጥር ትታችሁ ነፋሱ ተደምሮ ሰውነት የሚሰማውን ተመልከቱ። ቴርሞሜትሩ 0 ፋራናይት ሲያሳይ በሰዓት 15 ማይል የሚነፍስ ነፋስ ካለ ሰውነት የሚሰማው ከዜሮ በታች 19 ነው፤ እንዲህ ባለው ቀን የተጋለጠ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። እዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ቀን ብዙ አያጋጥምም። የእኛ ልማድ ይህ ነው፤ የሚሰማው ብርድ ከ32 በላይ ከሆነ እንደፈለግን እንውላለን፣ ከ20 እስከ 32 ከሆነ በየመሀሉ መኪና ውስጥ እየገባን እንሞቃለን፣ ከ20 በታች ከሆነ ትንንሾቹን ይዘን አንወጣም።

ምን እናልብሳቸው?

ሦስት ድርብ ይበቃል። ከቆዳ ጋር የሚገናኘው ላብ የማይዝ ቴርማል፣ መሀሉ ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ላዩ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬት ይሁን። ጥጥ ለዚህ አይሆንም፤ አንዴ ከረጠበ እርጥበቱን ይዞ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ጂንስ ለበረዶ ጨዋታ መጥፎ ልብስ ነው። ጋቢም ያው ጥጥ ነውና መኪና ውስጥ ይቆይላችሁ፤ ልጆቹ ሲመለሱ እርጥቡን አውልቀው የሚጠቀለሉበት ከእሱ የተሻለ ነገር የለም።

ካልሲ ላይ ካልሲ መደረብ ብዙዎቻችን የምንሠራው ነገር ነው። ጫማው ከጠበበ ግን ደም እንደልቡ አይዘዋወርም፣ እግሩም ይብስ ይቀዘቅዛል። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ፣ ጣት የሚያንቀሳቅስበት ቦታ ያለው ቦት ይበቃል። ለትንንሽ ልጆች አራቱ ጣቶች አብረው የሚገቡበት ጓንት አምስት ጣት ካለው ይልቅ ይሞቃል። ሁለተኛ ጓንትና ካልሲ በፌስታል ያዙ፤ የመጀመሪያው ጥንድ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መርጠቡ አይቀርም። ሸርተቴ የሚጫወት ልጅ አንገት ላይ ረጅም ስካርፍ አትጠምጥሙ፣ የሆነ ነገር ይይዘውና ሊያንቀው ይችላል። በራስ በኩል የሚጠለቅ የአንገት ማሞቂያ ይሻላል።

ልጁ በርዶት ወይም ሞቆት እንደሆነ ለማወቅ እጁን አትዳስሱ፤ የልጅ እጅ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ጣታችሁን ከኮፍያው ሥር ማጅራቱ ላይ አስገቡ። ላብ ካገኛችሁ አንድ ድርብ አውልቁለት፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ጨምሩለት።

ይህን ሁሉ መግዛት አይወደድም?

አዲስ ከተገዛ ይወደዳል። ልጅ የበረዶ ሱሪ የሚለብሰው ለአንድ ዓመት ነው፣ በሚቀጥለው ቁርጭምጭሚቱ ይታያል። ያገለገለ ልብስ የሚሸጥባቸው መደብሮች ውስጥ ምንም ያልሆነ የበረዶ ሱሪና ቦት ይገኛል። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ መደብሮቹ ለፀደይ ቦታ ሲያስለቅቁ ለሚቀጥለው ዓመት አንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ግዙ። ከሁሉ የሚረክሰው ግን ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ሆኖ ከትልቁ ልጅ ወደ ትንሹ ማስተላለፍ ነው። ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ለጫማ አውጡ፤ እግሩ የረጠበ ልጅ ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል።

ስንት ሰዓት እንውጣ? ስንት ሰዓትስ እንቆይ?

ሁለት ሰዓት ይበቃል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሶደሬ ወይም ላንጋኖ የሚሄድ ይመስል ድስትና ምንጣፍ ጭኖ ሙሉ ቀን ያቅዳል። እዚያ ሙቀቱ ይይዛችኋል፤ እዚህ ብርዱ ያባርራችኋል። ከቤት ሩብ ሰዓት የማይርቅ ቦታ ምረጡ፣ ልጆቹ "ትንሽ እንቆይ" እያሉ ተመለሱ፤ ሲያለቅሱ ከተመለሳችሁ የሚቀጥለው ሳምንት አይወጡላችሁም።

በዲሴምበር መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው 4፡46 አካባቢ ነው። ከምሳ በኋላ "ትንሽ አረፍ ብለን" ካላችሁ ቀኑ አለቀ። ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው፤ የሌሊቱ ግግር መቅለጥ ጀምሯል፣ ነፋሱም ብዙውን ጊዜ አልበረታም። እሁድ ከቅዳሴ የምትወጡ ቀጥታ ከቤተ ክርስቲያን ሂዱ። ቤት ገብቶ ጫማውን ያወለቀ ሰው አይወጣም።

ብዙ ገንዘብ ሳናወጣ የት እንሂድ?

አሌክሳንድሪያና ስፕሪንግፊልድ አካባቢ ላላችሁ ሀንትሊ ሜዶውስን የሚያህል የለም። ከ1,500 ኤከር በላይ የሆነ የፌርፋክስ ካውንቲ ፓርክ ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው። ረግረጉን በእንጨት ድልድይ ግማሽ ማይል ያህል ታቋርጡታላችሁ። በብርዱ ወራት ቅጠሉ ስለሚረግፍና ሣሩ ስለሚተኛ በበጋ የማይታየው ሁሉ ይታያል፤ ከሰሜን የመጡ ዳክዬዎች፣ በአንድ እግሩ የቆመ ሽመላ፣ ቢቨር የሚባለው እንስሳ በጥርሱ ቆርጥሞ የጣለው ግንድ። ልጆች ድምፅ ሳያሰሙ እንዲሄዱ ከፈለጋችሁ "ቢቨሩን መጀመሪያ ያየ" ብላችሁ ተወራረዱ። ውሻ እንጨቱ ድልድይ ላይ አይፈቀድም።

ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ ያላችሁ ስላይጎ ክሪክ የሚባለው የእግርና የብስክሌት መንገድ ደጃችሁ ላይ ነው፤ ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል፣ በየመሀሉ የልጆች መጫወቻ አለ። ዊተን ያለው ብሩክሳይድ ጋርደንስ 50 ኤከር የአትክልት ቦታ ነው፤ ቀን ቀን ነጻ ነው፣ ማታ የመብራት ትርኢቱን ለማየት ግን ይከፈላል። ዲሲ ውስጥ ሮክ ክሪክ ፓርክ አለ፤ ከ1890 ጀምሮ የተከለለ ነው። የላይኛው ቢች ድራይቭ አብዛኛው ክፍል ዓመቱን ሙሉ ለመኪና ዝግ ስለሆነ ብስክሌት መማር ለሚጀምር ልጅ ሰፊ አስፋልት ይሆንለታል።

የእንስሳት ማቆያው፣ ስሚዝሶኒያን ናሽናል ዙ ማለት ነው፣ መግቢያው ነጻ ቢሆንም የመግቢያ ፈቃዱን አስቀድማችሁ ኦንላይን መውሰድ አለባችሁ። የመኪና ማቆሚያው ግን ውድ ስለሆነ በሜትሮ መሄድ ይሻላል። ባኦ ሊ እና ቺንግ ባኦ የተባሉት ፓንዳዎች ለሕዝብ የታዩት በጃንዋሪ 2025 ነው፤ ፓንዳ ብርድ ይወዳል፣ በሐምሌ ሙቀት ተኝቶ የምታዩት በብርዱ ሲንከባለል ታዩታላችሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከኮኔቲከት አቬኑ ስትገቡ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ደክሞት የተኛ ልጅ ተሸክማችሁ የምትመለሱት ያንኑ ዳገት ነው።

የፖቶማክ ፏፏቴ ያለበት ግሬት ፎልስ ፓርክ ነጻ አይደለም፣ በመኪና 20 ዶላር ነው። ትኬቱ ግን ከአንድ ቀን በላይ ያገለግላል።

ምን ምግብ እንያዝ? ጾም ላይ ከሆንንስ?

ጓንት አውልቆ፣ እጅ ሳይታጠብ፣ ቆሞ የሚበላ ነገር ያዙ። እንጀራ ለዚህ አይመችም፤ ብርድ ላይ ይደርቃል፣ ወጡም ይረጋል። የጾመ ነቢያት ወቅት ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ገና ዋዜማ ጃንዋሪ 6 ስለሚዘልቅ የዚህ ወቅት ግማሹ ጾም ነው። የምስር ሳምቡሳ፣ አምባሻ፣ ለውዝ፣ ቴምር፣ ሙዝ ይበቃል። ሳምቡሳውን ከመጥበሻው እንደወጣ በፎይል፣ ከዚያ በፎጣ ጠቅልሉት፤ ከሰዓት በኋላም ለብ እንዳለ ታገኙታላችሁ።

ፔርሙዝ ሁለት ይሁን። አንዱ ለሻይ በቅመም፣ ሌላው ለአጥሚት። ለልጆች አጥሚቱን ቀጠን አድርጋችሁ በውሃ አፍሉት፣ በጽዋ የሚጠጣ እንጂ በማንኪያ የሚበላ አይሁን። ፔርሙዙን አስቀድማችሁ በፈላ ውሃ ሞልታችሁ አምስት ደቂቃ ካቆያችሁት በኋላ ብትደፉት የምትጨምሩበት መጠጥ ረጅም ሰዓት ይሞቃል። ለትንሽ ልጅ ከመስጠታችሁ በፊት ቅመሱት፣ ፔርሙዝ ውስጥ ያለ ነገር ከምታስቡት በላይ ያቃጥላል። ቆሎና ሙሉ ለውዝ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ እየሮጠ ሲበላ ይታነቃል።

በረዶ ካልጣለስ?

አብዛኛውን ጊዜ አይጥልም። በሬገን ኤርፖርት የሚለካው የዲሲ በረዶ በአማካይ በዓመት 14 ኢንች አይሞላም፣ እሱም በሁለት ሦስት ቀን ተጠቃሎ ይመጣል። በረዶ የምትጠብቁ ከሆነ ወቅቱ ሳትወጡ ያልፋል።

በደረቅ ቀን ትንንሾቹን የሚይዘው ፍለጋ ነው። የእንቁላል ካርቶን ስጧቸው፤ በየጉድጓዱ አንድ ነገር ይሙሉበት፣ የጥድ ፍሬ፣ ላባ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የወንዝ ጠጠር። የዚህ አገር አብዛኛው ዛፍ በብርዱ ወራት ቅጠል ስለሌለው የወፍ ጎጆ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ስንት እንዳገኙ ይቁጠሩ። ገና ስትቃረቡ ደግሞ የገና ጨዋታ አስተምሯቸው። ሁለት ቆልማማ ዱላና ኳስ ይበቃል፣ እየሮጡ ስለሆነ ብርዱን ይረሱታል። ቀድሞ ግን ዱላ ከጉልበት በላይ እንደማይነሣ ተስማሙ፤ የአገራችን ደንብ ጠበቅ ያለ አልነበረም።

በረዶ ሲጥል ሸርተቴ የት እንጫወት?

በመጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ያለውን የትምህርት ቤት ሜዳ እዩ። ዲሲ ውስጥ ሰው የሚሰበሰብባቸው ባተሪ ኬምብል ፓርክና ፎርት ሪኖ ናቸው፤ ፎርት ሪኖ 409 ጫማ ከፍታ ያለው የከተማዋ ከፍተኛ የተፈጥሮ ቦታ ነው። በካፒቶል ሕንፃ ምዕራብ ያለው ሜዳ ለዓመታት ተከልክሎ ነበር፣ በ2015 ወላጆችና ልጆች ክልከላውን ተቃውመው ሸርተቴያቸውን ይዘው ወጡ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮንግረስ ፖሊስ ልጆቹን እንዲተው አሳሰበ። የአገሪቱን ሕግ አውጪዎች ሕንፃ ከጀርባ አድርጎ መንሸራተት ለልጅ ደስ ይላል።

ቁልቁለቱን ከመምረጣችሁ በፊት ታችኛውን ጫፍ እዩ። መንገድ፣ ዛፍ፣ አጥር ወይም ኩሬ ካለ ሌላ ፈልጉ። ልጁ ተቀምጦ፣ እግሩን አስቀድሞ ይውረድ፣ በሆዱ ተኝቶ ጭንቅላቱን አስቀድሞ አይሂድ። የብስክሌት ሄልሜት ያድርግ። ሽቅብ የሚወጡት በዳር ይውጡ፤ አብዛኛው ግጭት የሚሆነው መሀል ላይ ቆሞ ሸርተቴውን የሚጎትት ሲኖር ነው። ካርቶንና የምግብ ቤት ትሪ አቅጣጫ መቀየሪያም መያዣም የላቸውም፣ ባትጠቀሙባቸው ይሻላል። እናንተም አንዴ ውረዱ። ከዳር ቆሞ ቪዲዮ የሚቀርጽ ወላጅ ቶሎ ይበርደዋል።

አይስ ስኬቲንግ ሞክረን አናውቅም፣ ወላጆችም አንችልም። እንሂድ?

ሂዱ። ዲሲ መሀል የናሽናል ጋለሪ ቅርጻ ቅርጽ መናፈሻ ውስጥ ያለው ሜዳ፣ አየሩ ከፈቀደ፣ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች መጀመሪያ ይከፈታል፤ ጫማውን እዚያው ይከራያሉ። ቅዳሜ ማታ ሰው ስለሚበዛ ለጀማሪ ጠዋት ወይም የሥራ ቀን ይሻላል።

ጫማው ቁርጭምጭሚት ላይ ጥብቅ፣ ጣት ላይ ላላ ያለ ይሁን። ስስ ካልሲ አድርጉ፤ በወፍራም ካልሲ እግር ይዋልላል። ጓንት ግዴታ ነው፣ ለብርዱ ብቻ አይደለም፣ የወደቀ ሰው እጅ አጠገብ የሌላ ሰው ስለት ያልፋል። ገና ሳትንቀሳቀሱ መውደቅን ተለማመዱ፤ ጉልበት አጥፉ፣ ወደ ጎን ተቀመጡ፣ ወደ ኋላ አትውደቁ። ከዚያ እንደ ዳክዬ አጫጭር እርምጃ ሂዱ። ልጆች በአንድ ሰዓት ይለምዱታል። አባቶች ግን አጥር ይዘው መዋላቸው የተለመደ ነው፣ ማንም አይታዘባችሁም።

ታዳጊ ልጄ ከስልኩ አልነሣም ይላል። ምን ላድርግ?

"ንጹሕ አየር ይጠቅምሃል" የሚለው አይሠራም። ጓደኛ ይዞ እንዲመጣ ፍቀዱለት፤ ከቤተሰብ ጋር መታየት የሚያሳፍረው ልጅ ጓደኛው ካለ ያፍርበታል ብላችሁ አትስጉ። ወይም ሥራ ስጡት፣ መንገዱን እሱ ይምራ፣ ፎቶውን እሱ ያንሣ። የክረምት ስፖርት የነጮች ነው የሚል ከሆነ የሮቤል ተክለማርያምን ስም ይፈልግ፤ አዲስ አበባ ተወልዶ በ2006 ቶሪኖና በ2010 ቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ በበረዶ ስኪ የተወዳደረ ሰው ነው።

ሌላም ማባበያ አለ። በሜሪላንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪ ለመመረቅ የበጎ አገልግሎት ሰዓት ያስፈልገዋል፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ 75 ሰዓት ነው፤ በዲሲ ደግሞ 100 ሰዓት። በማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ብዙ ፓርኮች ወንዝ ዳር ቆሻሻ የመልቀም ዘመቻ ያዘጋጃሉ። ሰዓቱ እንደሚያዝለት አስቀድማችሁ ከትምህርት ቤቱ ጠይቁ።

እናቴ ከአገር ቤት መጥተዋል። እሳቸውን ይዘን መውጣት እንችላለን?

መቅረት የለባቸውም፤ ሦስት ወር አፓርታማ ውስጥ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ማየት ከብርዱ ይብሳል። የሚያሰጋው መንሸራተት ነው። ቀን የቀለጠ በረዶ ማታ ተመልሶ ይረጋና እንደ እርጥብ አስፋልት ጥቁር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከእኩለ ቀን በኋላ፣ ደረቅ ቀን ምረጡ፣ ጫማቸው ላይ የሚጠለቀውን ጥርስ ያለው ጎማ ግዙላቸው፣ ክንዳቸውን ያዙ።

ግሬት ፎልስ በቨርጂኒያ በኩል ከመኪና ማቆሚያው ጥቂት እርምጃ ሄዶ ፏፏቴውን የሚያሳዩ መመልከቻዎች አሉት፤ ሁለቱ በተሽከርካሪ ወንበርም ይደረስባቸዋል። ጢስ ዓባይን ያዩ እናት "ይቺ ናት?" ሊሉ ይችላሉ። ያም ሆኖ ይወዱታል። ልጆቹን ግን ከአጥሩ እንዳያልፉ ያዙ፣ የፖቶማክ ውሃ እዚያ ላይ ሰው ይወስዳል። በጣም ከበረደ ካፒቶል አጠገብ ያለው የዩናይትድ ስቴትስ ቦታኒክ ጋርደን ነጻ ነው፤ በመስታወት የተሠራው ቤት ውስጥ እንደ ጅማ ደን እርጥብና ሞቃት ነው።

ልጁን ጃኬቱን እንደለበሰ መኪና ወንበሩ ላይ ማሰር እንችላለን?

አይቻልም። ወፍራም ጃኬት በአየር የተሞላ ነው፤ ግጭት ሲኖር አየሩ ይወጣና ቀበቶው ይላላል፣ ልጁ ከመሀሉ ሊወጣ ይችላል። ለማመን ከፈለጋችሁ ጃኬቱን አልብሳችሁ እሰሩት፣ ቀበቶውን ሳትነኩ ፈትታችሁ ጃኬቱን አውልቁና መልሳችሁ እሰሩት። ትከሻው ላይ ያለውን ቀበቶ በሁለት ጣት መቆንጠጥ ከቻላችሁ ጃኬቱ ለመኪና አይሆንም።

በስስ ሹራብ እሰሩትና ጃኬቱን ከፊት በኩል ገልብጣችሁ እጁን አስገቡለት፣ ወይም ጋቢውን ከቀበቶው በላይ ጣል አድርጉበት።

አራስ ልጃችንን እንደ አገር ቤት ፀሐይ ማሞቅ እንችላለን?

ለንጹሕ አየር ከሆነ ሸፋፍናችሁ ለአጭር ጊዜ ማውጣት ይቻላል። ለአጥንቱ ብላችሁ ከሆነ ግን በዚህ ላቲቲዩድ የዲሴምበርና የጃንዋሪ ፀሐይ ቫይታሚን ዲ ለማስገኘት በጣም ደካማ ነው፤ ጠቆር ላለ ቆዳ ደግሞ የባሰ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት በቀን 400 አይዩ (IU፣ የቫይታሚን መለኪያ ነው) ቫይታሚን ዲ በጠብታ እንዲሰጥ ይመክራል። ሐኪማችሁን ስለ ጠብታው ጠይቁ፤ የራሳችሁንም መጠን ያስለኩላችሁ።

ለጥምቀት ውጭ ስንቆም ልጆቹን እንዴት እናልብሳቸው?

ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው፣ በኢትዮጵያ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ 20። የዚህ አገር የዓመቱ ብርድ የሚከፋበት ሳምንት ነው። በ2026 ከማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ጋር ገጥሞ ትምህርት ቤት ዝግ ነበር፤ በሌላ ዓመት አንዳንድ አጥቢያዎች ወደ ቅርቡ ቅዳሜ ወይም እሁድ ያደርጉታል።

ነጩ ልብስ ከላይ ይሁን፣ ሥራው ከሥር ነው። ለሴት ልጅ ከቀሚሱ ሥር ነጭ ቴርማልና የሱፍ ሱሪ፣ ለወንድ ልጅም እንዲሁ። ቀሚሱን አንድ ቁጥር ሰፋ አድርጋችሁ ካሰፋችሁ ስስ ጃኬት ከውስጥ ይገባል። ጠበል የተረጨ ልጅ ወዲያው የሚቀይረው ኮፍያና ሹራብ በቦርሳ ያዙ፤ እርጥብ ፀጉር በነፋስ ላይ አይቆይ።

በረዶ ቢበሉስ?

ገና የጣለ፣ ነጭ፣ ማንም ያልረገጠው ከሆነ አንድ ሁለት ጉርሻ አይጎዳም። በማረሻ ከመንገድ ዳር የተከመረው ጨውና ኬሚካል አለበት። ቢጫውን ልጆቹ ራሳቸው ያውቁታል።

ወደ ፔንሲልቬንያ ተራሮች መሄድ ይሻላል?

ላይብረቲና ዋይትቴይል የሚባሉት የበረዶ ስኪ ቦታዎች ከዲሲ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ናቸው፣ በረዶውን በማሽን ስለሚሠሩ ሰማይ አይጠብቁም። ጎማ ላይ ተቀምጦ መውረድ ልምድ አይጠይቅም፤ ትኬቱን ግን አስቀድማችሁ በኦንላይን ግዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ቤተሰብ ግን እዚያ ባይጀምር ይሻላል። ለአምስት ሰው ያወጣችሁት ገንዘብ ልጁ "በረደኝ፣ እንሂድ" ሲል እንድትቆጡት ያደርጋችኋል። ሠፈራችሁ ሜዳ ላይ ሁለት ሦስቴ ከለመዳችሁ በኋላ ሂዱ።

ኩሬው ረግቷል። ላዩ ላይ መሄድ እንችላለን?

እዚህ አካባቢ፣ በፍጹም። ሚኒሶታ ያሉ ዘመዶቻችን ሐይቅ ላይ ቆመው የላኩትን ፎቶ አይታችሁ ይሆናል፤ እዚያ ብርዱ ለሳምንታት ሳያቋርጥ ይዘልቃል። ሰው ለመሸከም ንጹሕና ጠንካራ የሆነ ቢያንስ አራት ኢንች ውፍረት ያስፈልጋል፣ ቀዝቅዞ በሚቀልጥ የዲሲ አየር ግን ያ ውፍረት እንዳለ በዓይን አይታወቅም። ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ ሁልጊዜ ስስ ነው፣ በረዶ ከተደፋበት ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ልጁ ኳሱን ተከትሎ እንዳይገባ ኩሬ ዳር ኳስ አትጫወቱ።

ሰው ቢሰጥም ተከትላችሁ አትግቡ። 911 ደውሉ፣ ከዳር ሆናችሁ ገመድ፣ ቅርንጫፍ፣ የታሰረ ጋቢ፣ ያገኛችሁትን ወርውሩለት።

ጣቱ ደነዘዘ አለኝ። ብርዱ ጎድቶት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መጽሐፎቹ "ቆዳው ይቀላል" ይላሉ፤ በእኛ ልጆች ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ጣት፣ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉንጭ ላይ አመድማ ወይም ገርጣ ያለ፣ ሲነኩት እንደ ሰም ጠንከር ያለ፣ ልጁ ስትነኩት የማይሰማው ቦታ ፈልጉ። ሲያመው ገና ደህና ነው። ሕመሙ ጠፍቶ መደንዘዙ ሲጀምር ነው የሚያሰጋው።

ወዲያው ሞቃት ቦታ አስገቡት፣ እርጥቡን አውልቁለት። እናቶቻችን እንደሚያደርጉት አትሹት፤ የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ያቆስለዋል። እሳት ወይም የመኪና ማሞቂያ ላይም አታስጠጉት፣ ስለማይሰማው ይቃጠላል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይክተተው፤ ውሃውን በክንዳችሁ ፈትሹ፣ በእሱ ጣት አይደለም። ስሜቱ ካልተመለሰ ወይም ውሃ ከቋጠረ የዚያኑ ቀን ሐኪም ይየው። ልጁ መንቀጥቀጡን ትቶ ከተኮላተፈ፣ ከፈዘዘ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ግን መላው ሰውነቱ ቀዝቅዟል ማለት ነው፤ 911 ደውሉ፣ እስኪደርሱም ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ በጋቢው ጠቅልሉት።